«ከ» የት ትቆማለች? ስለ ዓለም ቋንቋዎች የቃልና የዐረፍተ ነገር ንጽጽር የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዓለም ቋንቋዎች የቃልና የዐረፍተ ነገር አወቃቀር ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ እኔ የማነሣው አንዲት ፊደል ብቻ ይሆናል፤ እርሷም «ከ» ናት።

አማርኛ «ከቤቶቻችን» የሚለውን ቱርክኛ «ኤቭለሪሚዝደን» ይለዋል። ሁለቱም ነገሩን በአንድ ቃል ይጨርሱታል። «ኤቭ» ቤት ነው፤ «ለር» ብዛትን፣ «ኢሚዝ» የእኛነትን ያመለክታሉ። እስከዚህ ድረስ የምዕላዶቹ ቅደም ተከተል ከእኛው ጋር አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ቱርክኛ «ደን»ን ከቃሉ ጭራ ሲቀጥል፣ አማርኛ «ከ»ን ከቃሉ ራስ ላይ ይጭናል። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሣቸውን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያኖሩ ስለሆኑ፣ ይህ ልዩነት ለአነጻጻሪው እንግዳ ነገር ነው።

እንግዳነቱ የሚታወቀው ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ግሪንበርግ 30 ቋንቋዎችን መርምሮ 45 አጠቃላይ ደንቦችን አወጣ። ከእነዚህ አንዱ፣ ባለቤትንና ተሳቢን አስቀድመው ግሥን የሚያስከትሉ ቋንቋዎች እጅግ በሚበዛው መስተዋድዳቸውን ከስም በኋላ ያደርጋሉ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ መስተዋድድን ከስም በፊት የሚያደርጉ ቋንቋዎች ዘርፉን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከስሙ በኋላ ያደርጋሉ ይላል። አማርኛ «ወደ ንጉሥ ቤት» ሲል ከሁለቱም ይወጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከታተመው የዓለም ቋንቋዎች አወቃቀር አትላስ ጋር በተያያዘው ጥናት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቋንቋዎች ተነጻጽረው የመጀመሪያው ደንብ ጸንቶ ተገኝቷል፤ ተሳቢን ከግሥ እያስቀደሙ መስተዋድድን ከስም በፊት የሚያቆሙት ከሃያ አይበልጡም።

ግእዝ «ሖረ ብእሲ ኀበ ቤተ ንጉሥ» ይላል። ግሥ ይቀድማል፤ መስተዋድድ ከስም በፊት፣ ዘርፍ ከስም በኋላ ይቆማል። ደንቡ በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። አማርኛው «ሰውየው ወደ ንጉሥ ቤት ሄደ» ሲሆን ሁሉም ተገልብጧል፤ ከሥፍራው ያልተነቃነቀው መስተዋድዱ ብቻ ነው። (አማርኛ የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግእዝ የጥንቱን የሴም ሥርዐት ይዞ ስለ ቆየ ለማነጻጸር ይመቻል።)

ለውጡን ያመጣው የኩሽ ቋንቋዎች ተጽዕኖ ነው የሚለው አስተያየት የታወቀ ነው፤ ቮልፍ ሌስላውም በ1945 እ.ኤ.አ. በሰፊው ጽፎበታል። በጠቅላላው እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የትኛው ኩሽ? ኦሮምኛ ግሡን በመጨረሻ ቢያደርግም «ማነ ጉዳ» ሲል ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ያኖራል፤ እኛ ግን «ትልቅ ቤት» እንላለን። አገውኛ ገላጩን ያስቀድማል። እንግዲህ «የኩሽ ተጽዕኖ» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን መሸፈን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አማርኛን «መስተዋድድ በፊት» በሚል የሰንጠረዥ ዐምድ ውስጥ ብናስገባው «ከጠረጴዛው ላይ» የሚለውን የት እናደርሰዋለን? «ከ» በፊት፣ «ላይ» በኋላ ቆመው ስሙን መካከላቸው አስገብተውታል። ከዚህም የረቀቀ አለ። «ከአስተማሪው ቤት መጣሁ» ስንል፣ «ከ» የምታገለግለው ቤትን ሆኖ ሳለ የተቀመጠችው በአስተማሪው ላይ ነው፤ የዘርፉ «የ» ደግሞ ሥፍራዋን ለቃላታለች። «ትናንት ከገዛሁት ቤት ወጣሁ» በሚለው ውስጥ ግን በግሥ ላይ ወጥታለች! «ከትናንት የገዛሁት ቤት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ «ከ» የሐረጉን የመጀመሪያ ቃል አትፈልግም፤ የምትፈልገው «የ» የምትቀመጥበትን ሥፍራ ነው። ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት በሚሰለፍበት ቋንቋ መስተዋድዱ በጥንት ሥፍራው ልቆይ ቢል ያገኘው መፍትሔ ይህ ነው። «ቤት»፣ «ከቤት»፣ «ወደ ቤት» እያለ የሚጠይቅ መጠይቅ ይህን ከቶ አያገኘውም።

ይህ በአማርኛ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የጎደለውን ነገ መጠየቅ ይቻላል። በጋፋት ቋንቋ ላይ ግን አይቻልም። ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ብዙ ደክሞ ያገኛቸው የጋፋት ተናጋሪዎች አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ማንም የለም። ከዚያ በፊት የቀረልን ዋና ጽሑፍ በ18ኛው መቶ ዓመት ጄምስ ብሩስ ያስተረጐመው መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። ትርጕም በመሆኑም የቃላቱ ተራ ከምንጩ የተወሰደ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። ሰዎቹ በገዛ አፋቸው ሲጨዋወቱ «ከ»ን በሚመስለው ምዕላዳቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበር የተረፈን ማስረጃ ጥቂት ነው። በወይጦ ሸለቆ ያለው የኦንጎታ ቋንቋም በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ብቻ የቀረ ነበር።

ስለዚህ ለጥናት የሚወጡትን ባልደረቦቼን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። አስቀድመው ሰዎቹ ገበያ ውለው ሲመለሱ፣ ለዳኝነት ሲቀመጡ፣ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የሚናገሩትን ሳያቋርጡ ይቅረጹ፤ ቃል በቃልም ይጻፉት። መጠይቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሲደርስም «ከቤት» የሚለውን ጠይቆ አይመለስ፤ «ትናንት ከገዛሁት ቤት» እንዴት እንደሚባል ጭምር ይጠይቅ።