የኋላ ጎማ ስለማንሳት
(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ዘገባ እንደሆነ እናውቃለን። ዘገባው በወረቀት ታድሏችኋል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ወረቀት ውስጥ ስለ አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ «የሞተር ሳይክል ጥገና» ስለምትለው። ይህችን ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሞተሩን የኋላ ጎማ ከመሬት ማንሣት መቻል አለብን ብንል አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን ስሙን።

ሦስት ሞተሮች አሉን። ሁለቱ ቦክሰሮች ቁጠባ ለመሰብሰብና ዕቃ ለማድረስ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ይሮጣሉ። ሦስተኛው ያማሃ ከቱላ አልፎ ወደ ለኩ በኩል ገጠር ይወጣል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው መጨረሻ የሚሰፍረው ካቴናው ላይ ነው። አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ይሆናል፤ የካቴናውን መገጣጠሚያዎች ይፍቃል፣ ካቴናው ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ደግሞ የሚዞርባቸውን ጥርሶች እያሾለ ይበላል። ያኔ ካቴናው ብቻ ተለውጦ አይበቃም፤ የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ ይገዛል። መዝገባችን ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ለዘይትና ለማጽጃ የወጣ ትንሽ ወጪ የለም፤ ወራት ዝም ይልና ድንገት አንድ ትልቅ ደረሰኝ ይመጣል።

ለምን ቢባል፣ ካቴና የሚታየውና ዘይት የሚጠጣው ጎማው በነፃነት ሲዞር ነው። ጎማው እንዲዞር መነሣት አለበት። ለማንሣት ደግሞ ዘበኛው ይጠራል፤ ዘበኛው ከሌለ የጎረቤት ልጅ ይጠበቃል፤ ልጁ ካልመጣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ጋራዥ ሲወሰድም «ካቴናው አልቋል» ስንባል እሺ ብለን እንከፍላለን፤ ማለቅ አለማለቁን የምናይበት መንገድ የለንምና።

እነዚህ ሞተሮች ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግድም ይመዝናሉ። በክንድ የሚያነሣቸው የለም፤ ወንዶቹም አያነሡም። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ የተሸከመች ሴት ይህ አይጠፋትም። ጀሪካኑን በእጇ ወደ ላይ አትጎትተውም፤ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ትገባና በእግሯ ትነሣለች። የሞተሩም ብልሃት እንዲሁ ነው።

ቦክሰሮቹ የመሀል መቆሚያ አላቸው። ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን፤ ለስላሳ አፈር ከሆነ ከመቆሚያው ሥር ጣውላ አንጥፉ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ከሞተሩ ግራ ቆማችሁ በግራ እጃችሁ መሪውን፣ በቀኝ እጃችሁ ከወንበሩ በስተኋላ ያለውን መያዣ ብረት ያዙ። በቀኝ እግራችሁ መቆሚያውን ወደ መሬት አውርዱትና ሞተሩን ቀና ስታደርጉ ሁለቱም የመቆሚያው እግሮች እኩል መሬት መንካታቸውን አረጋግጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ አንዱ እግር ብቻ ነክቶ ከተረገጠ ሞተሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለቱ ሲነኩ ደረጃ እንደምትወጡ ሙሉ ክብደታችሁን በቀኝ እግራችሁ ላይ ጣሉ። እጅ የሚያግዘው ሞተሩን ወደ ኋላ በመምራት ብቻ ነው። ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይነሣል። ክብደቷ ቀለል ያለ አባል አስቀድማ የኋላ ጎማውን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ላይ ብታወጣው ሥራው በግማሽ ይቀላታል።

ያማሃው፣ አጂ 100 የሚባለው፣ የመሀል መቆሚያ የለውም፤ በግራና በቀኝ የጎን መቆሚያ ነው ያለው። ለዚህኛው ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት የፊት ፍሬኑ ተጨብጦ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ይታሰራል። ሞተሩ በግራ መቆሚያው ላይ ዘንበል ብሎ ሳለ አንደኛዋ በግራ ቆማ ወደ ራሷ ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፤ የኋላ ጎማው ጣት ያህል ከመሬት ሲለቅ ሁለተኛዋ በቀኝ በኩል ጎማውን ከያዘው ሹካ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግታ፣ እንጨት ታስገባለች። ይህን እንጨት አናጢ ዘንድ አሠርተነዋል። ሹካው እንዳይንሸራተት አናቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ታቹ ሰፊ ነው። የፊት ጎማው፣ የግራ መቆሚያውና እንጨቱ ሦስት ጉልቻ ይሆናሉ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተንቀሳቀሰ ድስቱ ይደፋል፤ ፍሬኑን ማሰር ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በዱካ ወይም በለስላሳ ሳጥን መደገፍ ይቅር። ዱካ ለቡና ነው። ድጋፉንም ማርሚታው ላይ አታሳርፉ።

ጎማው ሲነሣ በእጅ ታዞሩታላችሁ። የካቴናው መሸፈኛ ላይ በላስቲክ የተደፈነ ቀዳዳ አለ፤ ላስቲኩን አውጥታችሁ ካቴናውን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር መላላት አለበት፤ የየሞተሩ ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ ተጽፏል። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትተዉት። ካቴና ሲያረጅ ሁሉም በኩል እኩል አይረዝምም፤ ጎማውን እያዞራችሁ አራት አምስት ቦታ ለኩና በጣም የጠበቀውን ጻፉ። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይጨርሳል። ከልክ በላይ የላላ ደግሞ ከጥርሱ ሊወጣ ይችላል፤ ወጥቶ ጎማውን ከቆለፈው ሞተሩን የምትነዳው እህታችን አስፋልት ላይ ናት። የምናወራው ስለ ብር ብቻ አይደለም።

መሸፈኛው ሲፈታ ደግሞ ካቴናውን ከኋለኛው ጥርስ ጀርባ ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ግማሽ ያህል ከለቀቀ በእርግጥ አልቋል፤ ተቀምጦ አልነሣም ካለ ገና ነው። ይህን ያየች አባል ጋራዥ ስትሄድ ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

አሁን አጥብቀን የምንለው አለ። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ተቀስቅሶ፣ ጎማው በሞተር ኃይል እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ መጥረግ ፈጽሞ ክልክል ነው። ቶሎ ስለሚያጸዳ ጋራዥ ውስጥ ሲደረግ አይታችሁ ይሆናል። ካቴናው ጨርቁን ይይዛል፣ ጨርቁ ጣትን ይወስዳል፤ እጅን ለመንጠቅ ጊዜ የለም። ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ይግባ፤ ጎማው በእጅ ብቻ፣ እጃችሁ ከካቴናው ርቆ ይዙር። ነጠላና ሻሽ ይውለቅ፣ ረጅም ቀሚስ በሱሪ ይለወጥ። ነፍሰ ጡርና አራስ የሆኑ እህቶቻችን ለክተው ይጻፉ፤ ማንሣቱን ለሌላ ይተዉ።

ሲወርድም የጎን መቆሚያው አስቀድሞ ይዘርጋ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊት መግፋት፣ ጣትም ፍሬኑ ላይ ይሁን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ያማሃውን ስለገዛችሁልን ደጋግመን አመስግነናል፤ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ገጠሩን የደረስንበትም በእሱ ነው። ነገር ግን ሞተር ሲሰጥ ዋጋው ይታሰባል፤ ካቴናው፣ ጎማውና ዘይቱ ግን በጀት ላይ አይገኙም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስጦታው ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ሲለብስ ሰጪውም ተቀባዩም ያፍራሉ። ወደፊት ስታስቡልን የሁለት ዓመት መለዋወጫ ከሞተሩ ጋር በአንድ ሰነድ ይጻፍልን። ሞተሩ ከመመረጡ በፊትም የሚነዱት ሴቶች ይጠየቁ፤ የመሀል መቆሚያ አለው ወይ የሚለውን ከእነሱ ሌላ የሚጠይቅ አላጋጠመንም።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ቁጠባ ከተሰበሰበ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ልምምድ ይኖራል። የተዘጋ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ሞተር የማትነዱም ኑ፤ ጎማ ለማንሣት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ተዘጋጅቷል፤ ቀን፣ የተኬደው ኪሎ ሜትር፣ የካቴናው መላላት በሚሊሜትር፣ የለካችው ስምና ፊርማ ይሞላበታል። ደብተሮቹ በየወሩ መጨረሻ ከደረሰኞቹ ጋር ወደ ሒሳብ ክፍል ይምጡልን።