በሞተር ገመድ ዛፍ ስለ መውጣት ለጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር

(ለስብሰባው ላልደረሱ አባላት እንዲዳረስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት በወንዙ በኩል ካለው አጥር ሥር የቆሙት ሁለቱ ባሕር ዛፎች ወደ ቤቶቹ አዘንብለዋል። ክረምት ሳይገባ መውረድ አለባቸው። ከሥር እንዳንቆርጣቸው ሰው በተኛበት ጣሪያ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሰው ወጥቶ ከላይ ጀምሮ እየቆራረጠ በገመድ ማውረድ አለበት። እስከ ዛሬ የምናደርገው ቆራጭ መቅጠር ነው። እሱም መጥረቢያውን ወገቡ ላይ ሽጦ በባዶ እግሩ ይወጣል። የወደቀም አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ወጣቶቻችን ታዲያ ሰውን በገመድ ላይ የሚያወጣ ባለ ሞተር መሣሪያ ራሳችን እንሥራ ብለው ጠይቀዋል። አንዱ ብየዳ ያውቃል፣ አንዱ ጋራዥ ይሠራል፤ ሐሳቡ የጨዋታ አይደለም። ኮሚቴያችን ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ነገሩን መርምሯል። ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሰውን በገመድ ማውጣት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው በተጎነጎነ ጠፍር ነው፤ ገደሉ 15 ሜትር ያህል ይሆናል። ልብ በሉ፤ እንግዳው አንዱን ጠፍር በእጁ ይዞ ሲወጣ ሌላ ጠፍር ወገቡ ላይ ታስሮ መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። ሁለት ገመድ ማለት ነው። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዛል። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው።

የመሣሪያው አሠራር

በባትሪ የሚሠራ ድሪል አንድ ትንሽ መዘውር ያዞራል። ከላይ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረው ገመድ በመዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ ያልፋል። መሣሪያው በሰውየው የወገብና የጭን ቀበቶ ላይ ስለ ተያያዘ፣ መዘውሩ ሲዞር ሰውየው ገመዱን እየበላ ይወጣል። ገመዱ እንዳይንሸራተት መጠምጠሙ ነው ቁም ነገሩ። በቅርጫ ጊዜ በሬ ስንጥል፣ ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞረ አንድ ልጅ ብቻውን በሬውን ያቆመው የለም? ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የያዡን ጉልበት ያባዛዋል።

ሒሳቡንም አስልተናል። ሰውየው ከነዕቃው 80 ኪሎ ቢሆንና 15 ሜትር በ1 ደቂቃ ቢወጣ፣ የሚፈልገው ኃይል 200 ዋት ያህል ነው፤ የሁለት ባለ 100 አምፖል ያህል ማለት ነው። ግማሹ በመፋተግ ይባክናል ብለን ብናስብ 400 ዋት ይሆናል። ባለ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአንድ ሙሌት ከ10 ጊዜ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ጉልበቱ አለ። የመዘውሩ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለ15 ሜትር የሚበቃው 95 ዙር ገደማ ነው። ድሪል ግን በፈጣኑ ማርሽ በደቂቃ ከ1,000 ዙር በላይ ይዞራል። በማቀነሻ ጥርስ ካልበረደ ሸክሙን አይችልም፣ ሞተሩም ይቃጠላል።

እንግዲህ መውጣቱ ይቻላል። የሚያስፈራው ላይ ተሁኖ ሲበላሽ ነው።

ድሪል የተሠራው እንጨትና ብረት ለመብሳት እንጂ ሰው አንጠልጥሎ ለማቆየት አይደለም። ባትሪው ቢያልቅ ወይም አንድ ጥርስ ቢሸረፍ መዘውሩ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። መሣሪያው ቢነክስና እንቢ ቢልስ? ሰው በቀበቶ ላይ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ ከቆየ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። መሰላል እስኪመጣ ተብሎ አይጠበቅም። ገመዱም ቢሆን ከገበያ የምንገዛው የፕላስቲክ ገመድ በ160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በሚንሸራተት መዘውር ላይ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ካርል ፕሩሲክ የተባለ የኦስትሪያ ተራራ ወጪ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቋጠሮ አለ። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ 3 ጊዜ ይጠመጠማል፤ ሳይከብደው በእጅ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲከብደው ነክሶ ይይዛል። በሁለተኛው ገመድ ላይ ይህ ቋጠሮ ካለ ሞተሩ ቢከዳም ሰውየው አይወድቅም። ነገር ግን የደነገጠ ሰው ቋጠሮውን በእጁ ጨብጦ ከያዘ አይነክስም፤ አብሮት ይንሸራተታል። ስለዚህ መሬት ላይ ደጋግሞ መልመድ ያስፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

1ኛ. ወጣቶቹ መሣሪያውን ይሥሩ። ማብሪያው ጣት ሲነሳ ወዲያው የሚያቆም ይሁን። መዘውሩ ነጠላም ሆነ ሸሚዝ እንዳይስብ ይከደን።

2ኛ. መጀመሪያ የሚወጣው አሸዋ ነው። 160 ኪሎ አሸዋ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ከዚያም ባትሪው እየተነቀለ ይፈተን። ልጆች አጠገቡ አይድረሱ።

3ኛ. ዘንድሮ ሰው በሞተር አይወጣም። ሁለቱ ዛፎች የሚቆረጡት በሚያውቅ ቆራጭ፣ በሁለት ገመድና በቋጠሮ ነው። ገመዱ ለሰው ተብሎ የተሠራ 11 ሚሊ ሜትር ገመድ ይሁን። ቅርንጫፉ አስቀድሞ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት ይሞከር፤ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን በድንገት የሚጥል ዛፍ ነው።

4ኛ. የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ ማንም አይወጣም፤ ለመብራት ኃይል ይነገራል።

5ኛ. ከታች ሁልጊዜ ቋጠሮውን የሚያውቅ፣ ወጥቶ ማውረድ የሚችል ሁለተኛ ሰው ይቁም።

ወጣቶቻችን በ3ኛው ነጥብ ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። ድካማችሁ አልተናቀም፤ አሸዋው ፈተናውን ካለፈ በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገርበታለን። አባቶችም «ድሮ ያለ ገመድ እንወጣ ነበር» ብላችኋል። እውነት ነው። የወደቁትን ግን የቀበርናቸው እኛው ነን።

የገመዱ፣ የቀበቶውና የቆቡ ዋጋ ከመዋጮው ይከፈል ብለን እንጠይቃለን። እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ ሁሉም የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ነገር እንኳ ሰው ሳይሞት የሚያገለግል በዕቃ ቤታችን ይኑር። እጅ በማውጣት ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እናሳስባለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው