ስለ መዝረፍና ስለ መቍጠር



የአብነት ትምህርት ቤት ለብቻው የሚወዳቸው ቃላት አሉት። በንፋስ መውጫ ገበያ አንዱን ሰው «ዘራፊ ነህ» ቢሉት ነገሩ ከዳኛ ፊት ይደርሳል። በቅኔ ቤት ግን ይኸው ቃል ምስጋና ነው፤ ቅኔ ተዘረፈ ማለት ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ በጉባኤ ተባለ ማለት ነውና። ተማሪውም ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቃል ሲያሰናዳ «ቅኔ ይቈጥራል» ይባላል፤ የሚቈጥረው ብር ግን የለውም፥ ብዙ ጊዜም አኩፋዳው ባዶ ነው።

ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ስለ ምን ይወደዋል? ድኻው ተማሪ በአንደበቱ ዘራፊም ባለጸጋም ስለሚሆንበት ነው። ደግሞም ለሰማው ሁሉ አይገባምና፥ የገባው ሰው ከወዳጅ ይቈጠራል።

ያልገባው ግን ከደጅ ይቀራል። በዚሁ በጋይንት፥ በቤተ ልሔም፥ «አስመሰከረ» ቢባል ሙግት የለበትም፤ ድጓ ማወቁን በመምህሩ ፊት አስመሰከረ ማለት ነው። ይህን ያልሰማ ወላጅ ወሬው ቢደርሰው ልጁ ክርክር የገጠመ መስሎት ይደነግጣል። ወሬውን ያመጣው ተማሪም ቃሉ ስለሚጣፍጠው ቶሎ አይተረጕምለትም።