የተሣለ ኬክና የጨረታ ዋጋ



ጨረታ ለመሐንዲስ እንግዳ ቃል አይደለም። ሰነዱ ይገዛል፤ ዋጋው ተሞልቶ በታሸገ ፖስታ ይገባል፤ ፖስታው ተጫራቾች በተገኙበት ይከፈታል፤ የተጠየቀውን አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠውም ያሸንፋል። የሥዕል ጨረታ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋጋው በአደባባይ እየተጠራ ከፍ ይላል፤ የሚጨምር ሲጠፋ መዶሻው ይመታል፤ ሥዕሉም የመጨረሻውን ዋጋ ለጠራው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ድርጅት፣ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል በዚህ ሁኔታ ቀረበ። በሸራው ላይ የሚታዩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ኬኮች ናቸው። የተሸጠውም ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለመሆኑ የማይበላ ኬክ ይህን ያህል ዋጋ ከየት አገኘ?

ሠዓሊው ዌይን ቲቦ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሪዞና ተወልዶ በካሊፎርኒያ ያደገ አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ በምግብ ቤት ሠርቷል፤ የማስታወቂያ ሥዕልም ይሥል ነበር፤ ከ1960 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ዕውቅና ያገኘው በ1962 የኬክና የፓይ ሥዕሎቹን በኒው ዮርክ ባሳየ ጊዜ ነው።

አሠራሩ ለመሐንዲስ ዓይን የቀረበ ነው። ኬኩ ሲሊንደር ነው፤ ተቆርሶ የወጣው ቁራጭ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ክቡ ሳህን በሰያፍ ሲታይ ሞላላ ይሆናል። በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የሚገኘው የ1963 ሥራው 13 ኬኮችን ይዟል፤ እያንዳንዱም የራሱ ጥላ አለው። ቀለሙ እንደ ክሬም ወፍራም ሆኖ ተለቅልቋል፤ ብሩሹም በኬኩ ዙሪያ የሄደው ኬክ ጋጋሪው ክሬሙን በሚቀባበት አኳኋን ነው። ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጠርዙም በደማቅ ቀለማት ቀጫጭን መስመሮች ስለ ተከበበ ነጩ ክሬም ብርሃን የፈሰሰበት ይመስላል። ዕለት ተዕለት በመደብር መስኮት እያዩት የሚያልፉት ነገር በዚህ ሥራ ዳግመኛ ይታያል። ዋጋውን ያስገኘው ይህ የብዙ ዓመታት አስተውሎትና የእጅ ሥልጠና ነው።

ይሁንና መዶሻው ሲመታ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ ለአጫራቹ፣ የቀረው ለሻጩ ይሆናል። ሥዕሉ ከሠዓሊው እጅ አስቀድሞ ከወጣ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከዳግም ሽያጩ ለሠዓሊው ድርሻ እንዲከፈል አያስገድድም። ካሊፎርኒያ በ1976 ይህን መብት ደንግጋ ነበር፤ በ2018 ግን ፍርድ ቤት ሕጉን ከሞላ ጎደል ዋጋ አሳጣው። ፈረንሳይ በአንጻሩ መብቱን በ1920 አውቃለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ለአባል አገሮቹ ሁሉ መመሪያ አውጥቷል።

ቲቦ በ2021 በ101 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ብሩሹን አላስቀመጠም። የመሐንዲስም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዲዛይኑ አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ድልድዩ ግን ትውልድን ያሻግራል። ዋጋ በአንድ ቀን በተጫራቾች ፉክክር ይወሰናል፤ ጥራት ግን በዕድሜ ልክ ሥራ ይገነባል። ስለዚህ የባለሙያዎች ማኅበር ውል ሲያዘጋጅና ክፍያ ሲተምን፣ ጥራቱን የገነባው ሰው ዋጋው በሚጠራበት ቀን እንዳይረሳ ማሰብ ይገባዋል።