የካንዴላው ምስክርነት

ለሩጫ የተሠራ መኪና ዘወትር ማለዳ ወደ ሥራ ሲመላለስ ስለ ምን ቤንዚን እንደሚያባክን መረዳት የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ይመልከት። ጥላሸት ከለበሰ፣ ነዳጁ ከአየሩ ለመብዛቱ ምስክር ነው፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በምልዓት ይነድ ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻልና። ጥንድ ካርቡሬተር የተሸከመው አሮጌው አልፋ ሮሜዎ ጁሊያ ሱፐር፣ በባሕር ጠለል ልክ ተስተካክሎ ሳለ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ተቀመጠችው አዲስ አበባ ሲወጣ፣ አየሩ ይሳሳበታል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ይለወጣል፤ ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ካንዴላው ዳግመኛ ሲፈታ፣ ጫፉ ለዘብ ብሎ የተቆላ ቡና መልክ ይዞ ሊገኝ ይገባዋል።