ክፉውን ሰው የሚጫወተው ማን ነው?
(ለትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ ስለ ተዋናዩ ስለ ኮንራድ ፋይት የተደረገ ንግግር)



የቴአትር ክበባችን ስለ አንድ ስመ ጥር ተዋናይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቹ ስለ አንድ ጀግና የምሰሙ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን በፊልም ላይ ሲገድል፣ ሲያታልልና ሰው ሲያስጨንቅ የታወቀውን ጀርመናዊ፣ ኮንራድ ፋይትን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ በዚሁ ተረዱልኝ።

ኮንራድ ፋይት በ1893 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ቴአትርን እጅግ ስለ ወደደ፣ በዚያን ዘመን በጀርመን አገር ከሁሉ ይልቅ ይከበር በነበረው በማክስ ራይንሃርት ዘንድ ተምሮ መድረክ ላይ ወጣ። በመጀመሪያ የተሰጡት ክፍሎች ትንንሾች ነበሩ። ነገር ግን ራይንሃርት ብዙ ሕዝብ የሚታይባቸውን ትርኢቶች በማዘጋጀት የታወቀ ሰው ነበርና፣ በእርሱ መድረክ ላይ ከሕዝቡ መካከል ዝም ብሎ መቆምም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበረ ብዬ አምናለሁ። እናንተ የክበባችን ልጆች፣ ንግግር የሌለው ክፍል ሲሰጣችሁ ፊታችሁን የምታጠቁሩ፣ ይህን ልብ በሉልኝ!

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለወታደርነት ተጠርቶ ወደ ምሥራቁ ጦር ግንባር ሄደ። እዚያም ክፉኛ ታመመ። ከዚያ በኋላ ለወታደሮች በሚታይ ቴአትር ሲጫወት ቆይቶ በ1917 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመለሰ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው በ1920 ዓ.ም. የታየው «የዶክተር ካሊጋሪ ሣጥን» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ድምፅ የሌለው ነው። ቤቶቹና መንገዶቹ ሁሉ የተጣመሙ ሆነው በሸራ ላይ የተሣሉ ናቸው። ፋይት የሚጫወተው ቼዛሬ የተባለውን ሰው ነው፤ ይህም ሰው በእንቅልፍ ውስጥ ሆኖ በዶክተሩ ትእዛዝ ሌሊት እየሄደ ሰው ይገድላል። ቼዛሬ በሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ቀስ በቀስ ዓይኑን የሚገልጥበትን ቦታ ያየ ሰው አይረሳውም። ረጅምና ቀጭን ስለ ነበረ፣ በግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ሲሄድ ሰው ሳይሆን የግድግዳው ጥላ ይመስላል። ከጥቂት ቃል በቀር አይናገርም፤ ሆኖም ተመልካቹ ከመፍራት ጋራ ያዝንለታል፤ ገዳዩ ራሱ እስረኛ መሆኑ ይገባዋልና።

ከዚያም ወደ አሜሪካ ተጠርቶ በ1928 ዓ.ም. «የሚስቀው ሰው» በተባለው፣ ከቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ በተወሰደው ፊልም ሠራ። በዚህ ፊልም ክፉ ሰው አይደለም። በልጅነቱ አፉን ቀድደው ለዘላለም የሚስቅ ያስመሰሉት ምስኪን ነው። ለዚህ ሲባል አፉን በመሣሪያ ወደ ኋላ ስለ ጎተቱት ከንፈሩ ለኀዘንም ሆነ ለደስታ አይታዘዝለትም ነበር። የቀሩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። በእነርሱም አለቀሰባቸው። የሥዕል መጽሐፍ የምታነቡ ልጆች ጆከር የተባለውን ወንበዴ ታውቁት ይሆናል፤ በ1940 ዓ.ም. ሲፈጠር መልኩ የተቀዳው ከዚህ ፊት ነው። የአንድ የዋህ ሰው ፊት ተወስዶ ለወንበዴ መሰጠቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ፊልም ድምፅ ባገኘ ጊዜ እንግሊዝኛው ገና ጠንካራ አልነበረምና በ1929 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያም ከተዋናዮች ሁሉ ከሚከበሩት አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በፊልም ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ ዘራቸውን በወረቀት ሞልተው እንዲያስረክቡ ታዘዙ። የፋይት ሚስት ሊሊ የይሁዲ ወገን ነበረች። እርሱ ግን ይሁዲ አልነበረም፤ እውነቱን ቢጽፍና ሚስቱን ቢተው ማንም አይነካውም ነበር። ዘሩን በሚጠይቀው ቦታ ላይ ግን «ይሁዲ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ከሚስቱ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ቤቱን፣ ቋንቋውን፣ ያጨበጨበለትን ሕዝብ ተወ። ለአንድ ተዋናይ ቋንቋን መተው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በካሊጋሪ ፊልም ዶክተሩን ሆኖ የተጫወተው ቨርነር ክራውስ እዚያው ቀረ። ክራውስ ታላቅ ተዋናይ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1940 ዓ.ም. ግን ናዚዎች ይሁዲዎችን ለማስጠላት ባሠሩት «ይሁዲው ዙስ» በተባለ ፊልም ላይ ለብዙ ይሁዲዎች አምሳል ሆኖ ተጫወተ። ፋይት ደግሞ ቀደም ብሎ በ1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዚያው በዙስ ታሪክ ላይ የተሠራ፣ ለተበደሉት የሚያዝን ፊልም ሠርቶ ነበር። ሁለቱ በአንድ ፊልም የገነኑ ሰዎች በአንድ ስም ሁለት መንገድ ሄዱ።

ፋይት ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት የእንግሊዝ ዜጋ ሆነ። ከሀብቱም ብዙውን ለእንግሊዝ የጦርነት ርዳታ ሰጠ። በ1940 ዓ.ም. በታየው «የባግዳድ ሌባ» ላይ ጠንቋዩን መስፍን ጃፋርን ሆነ፤ ልጆች ዛሬም በ«አላዲን» ፊልም የሚያዩት ጃፋር የእርሱ ዘመድ ነው።

ሆሊውድ ሲገባ የጠበቀው ክፍል የናዚ መኮንን ነበር። ከናዚ የሸሸ ሰው የናዚን ልብስ ልበስ ተባለ! እርሱም ለበሰው። በ1942 ዓ.ም. በወጣው «ካዛብላንካ» ላይ ሻለቃ ሽትራሰርን ሲጫወት እዩት፤ አይጮኽም፣ አይቆጣም፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ በትሕትና ይጠይቃል፣ መጠጥ ያዛል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የእኛ ተማሪዎች ክፉ ሰው ሁኑ ሲባሉ ወዲያው ጠረጴዛ ይደበድባሉ፤ ፋይት ግን ክፉ ሰው ራሱን ክፉ ነኝ እንደማይል ያውቅ ነበር።

በዚያ ፊልም ውስጥ የሽትራሰር መኮንኖች በቡና ቤቱ የጀርመን ዘፈን ሲዘፍኑ፣ ስደተኞቹ ተነሥተው የፈረንሳይን መዝሙር እየዘመሩ ድምፃቸውን ይውጡታል። በዚያ ክፍል ከተሰበሰቡት ተዋናዮች ብዙዎቹ በእውነት ከሂትለር የሸሹ ነበሩ። ከእነርሱ ፊት ለፊት፣ በተሸነፈው ወገን፣ በቁጣ ቡና ቤቱ ይዘጋ ብሎ የሚያዘውም እንደ እነርሱ ስደተኛ ነበር።

ፊልሙ በ1944 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሲሸለም ፋይት በሕይወት አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም.፣ በሎስ አንጀለስ ጎልፍ ሲጫወት ልቡ ቆሞ በ50 ዓመቱ ሞተ። የጦርነቱንም ፍጻሜ አላየም።