ባዶ ቤት፣ ጠመንጃና ደብተር

የማኅበሩ ኮሚቴ ለዛሬ ሁለት ጉዳይ ነው ያሸከመኝ፤ አንዱ በሲቪል ሰው እጅ ስላለ ጠመንጃ፣ ሌላው ስለ ልጆቻችን የጥናት ልማድ። ማስታወቂያውን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ሁለቱ ግን የሚገናኙበት ሰዓት አለ። ልጁ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በራሱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ አባት ከኤርፖርት፣ እናት ከነርሲንግ ሆም እስኪመለሱ ቤቱ የእሱ ነው። ሲያትልና አካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ደብል ሺፍት ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። ስለዚያ ሰዓት ነው የማወራው፤ ቤት ውስጥ ምን ተቀምጧል? ልጁስ ምን እያደረገ ነው?

ከጠመንጃው ልጀምር። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ምንሽር፣ አልቢን፣ ውጅግራ እያሉ ሲያቅራሩ እየሰማን ያደግን ብዙ ነን። በጎጃምና በጎንደር ገጠር በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የሚገዛ አባወራ ነበር፣ ዛሬም አለ። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይም ይተኮሳል። ይህን ክብር አልንቅም። ነገር ግን የአያቶቻችን ጠመንጃ ባዶ ቤት አይውልም ነበር። ባለቤቱ ሲወጣ በትከሻው፣ ሲተኛ በራስጌው ነው፤ ቤቱም ቢሆን ዘመድ አዝማድ የማይጠፋበት ነው። አገራችንም ነገሩን እንዲሁ አልተወችውም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

እዚህ አገር ደግሞ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር መዝገብ፣ ራስን ለመከላከል በቤት መሣሪያ መያዝ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው ብሎ ወስኗል። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለውም ሰው ከመግዛት አይከለከልም። ስለዚህ ጠመንጃ መያዝ ነውር ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ነዳጅ ማደያና ግሮሰሪ የሚሠሩ ወንድሞቻችን በውድቅት ሌሊት ምን እንደሚገጥማቸው ሁላችንም ሰምተናል።

የራሴ አቋም ግን ይህ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ባለበት፣ ወላጅም አብዛኛውን ምሽት በማይገኝበት አፓርታማ ጠመንጃ ባይገባ እመርጣለሁ። ሌባ የሚመርጠው ሰው የሌለበትን ቤት ነው፤ እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጠመንጃ ቤት አይጠብቅም፣ አብሮ ይሰረቃል እንጂ። የምንኖርበትም ቤት ግድግዳው ስስ ነው። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ በሚሰማበት ሕንፃ ውስጥ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ግድግዳውን በስቶ ሕፃኑ ወደተኛበት ክፍል ሊገባ ይችላል።

ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚፈጸመው ግድያ ትልቁ እጅ የሽጉጥ ነው፤ የጠመንጃ ድርሻ ትንሽ ነው። ጠመንጃን ብቻ ለይቶ ማውገዝ ስለዚህ ነገሩን አያስረዳም። ከመሣሪያ ሞት ከግማሽ በላይ የሆነው ደግሞ ግድያ እንኳ አይደለም፤ ሰው በራሱ ላይ የሚያደርሰው ነው። እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ በሹክሹክታ ነው የሚወራው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ በሌላ ስም ይጠራል። ዛሬ ግን በግልጽ ልናገረው። በጭንቀት ያለ ወጣት ያ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፍለታል። በአጠገቡ ባገኘው መሣሪያ ከተጠቀመ ግን የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሕፃናትና ወጣቶች ዘንድ የመሣሪያ ጉዳት የመኪና አደጋን አልፎ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኗል። ልጃችሁ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ወደ ቀውስ ድጋፍ መስመሩ 988 ደውሉ፤ በማንኛውም ሰዓት ይመልሳሉ። በዋሽንግተን ስቴት ከ2016 ወዲህ ቤተሰብ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ አደጋ ላይ ካለ ሰው እጅ መሣሪያ ለጊዜው እንዲወሰድ መጠየቅ ይችላል። ይህን ማድረግ ዘመድን መክሰስ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም።

አሁን ሰዎቻችን ሳያውቁ ወደሚገቡበት የሕግ ገደል ልሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የአደን ፈቃድ እንዳላቸው ሰዎች ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ከዚያ ውጭ ግን መያዝ ሲባል መግዛት ብቻ አይደለም። ለልጅ ልጃቸው ምርቃት ከአገር ቤት የመጡ አባት "እስቲ የጥንቱን ላስታውስ" ብለው የተኩስ ልምምድ ቦታ ሄደው መሣሪያ ቢያነሱ፣ በሕጉ ፊት ይዘዋል። ሁለተኛው የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ዘመድ "አንተ ወረቀትህ ሙሉ ነው፣ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ" ይላል። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ የአብራምስኪ ጉዳይ አለ። ሰውየው የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ ለአጎቱ ብሎ ሽጉጥ ገዛ፤ ቅጹ ላይ ግን ለራሴ ነው ብሎ ፈረመ። አጎትየውም መሣሪያ ለመያዝ ምንም ክልከላ አልነበረበትም። እንዲያም ሆኖ ጥፋተኛነቱ ጸንቷል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመያዝ ወይም በመግዛት ከተፈረደበት፣ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ከአገር መባረር ሊጠብቀው ይችላል። ሃያ ዓመት የኖረበት ቤት፣ እዚህ የተወለዱ ልጆች፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም ወንጀሉ ቀላል ቢባል እንኳ ከ1996 ጀምሮ መሣሪያ እንዳይዝ ታግዷል።

የዋሽንግተን ስቴት ሕግም ከሌላው ጠበቅ ያለ ነው። ከ2019 ጀምሮ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ኤአር 15ንና የክላሽ ዓይነቶችን መሸጥ ተከልክሏል፤ ቀድሞ የያዘ ግን ይዞ መቆየት ይችላል። መሣሪያውን ሳይቆልፍ ትቶ ልጅ አንሥቶ ሰው ቢጎዳበት ባለቤቱ በወንጀል ይጠየቃል፤ ቆልፎት ከነበረ ሕጉ ይከላከልለታል። ሚሺጋን ውስጥ በኅዳር 2021 በኦክስፎርድ ትምህርት ቤት አራት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ የ15 ዓመቱ ልጅ የተጠቀመበትን ሽጉጥ የገዛው አባቱ ነው፤ ከጥቃቱ ከቀናት በፊት። በ2024 አባትም እናትም እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። የሴክሬት ሰርቪስ ጥናትም በትምህርት ቤት መሣሪያ ከተኮሱ ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል መሣሪያውን ያገኙት ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ የያዘ ሰው ካለ፣ ጠመንጃው ባዶውን በካዝና፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእናንተ ጋር ሥራ ይሂድ። ቁም ሣጥን ላይ፣ ጋቢ ሥር ማስቀመጥ መደበቅ አይባልም። ልጆች የገና ስጦታቸውን ከየትም ፈልገው እንደሚያገኙ የማያውቅ ወላጅ አለ እንዴ? ለገንዘቡ የምትሰጉ፣ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች የገመድ ቁልፍ በነፃ ያድላሉ።

ጥናቱም ላይ የማየው ያንኑ ነው። ከሥራ ቦታ ደውሎ "አጥና!" ማለት ጠመንጃ ሳይቆልፉ "እንዳትነካ!" ብሎ ከመሄድ አይለይም። ምክር ብቻውን ባዶ ቤት ውስጥ አቅም የለውም፤ ከመውጣታችሁ በፊት የተደራጀ ነገር ነው የሚሠራው።

የብዙ ልጆቻችን የጥናት ዘዴ መጽሐፉን በቢጫ ቀለም እያሰመሩ ደግሞ ማንበብ ነው። ሲያነቡት የገባቸው ይመስላቸዋል። በ2006 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው ወረቀቱን ትቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከቃላቸው የጻፉት በብዙ በለጧቸው።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤትም የቁርዓን ትምህርት ቤትም ሲያደርጉት ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ቀን የቆጠረውን ማታ የኔታ ፊት ቆሞ በቃሉ ይነግራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። በወሎ የሚቀራ ደረሳም በሉሁ ላይ የጻፈውን ለሸኹ በቃሉ ካላሰማ ሉሁ ለሌላ አይታጠብም። ያንን ትምህርት "ሽምደዳ" ብለን ስናጣጥል ዱላውንና ዘዴውን አንድ ላይ ጣልናቸው። ዱላው ይቅር፤ ዘዴው ግን ይመለስ።

ስለዚህ "እኔ አልጀብራ አላውቅም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው" የምትሉ እናቶች፣ የምታጠኑላቸው እናንተ አይደላችሁም። ማታ ስትገቡ፣ ወይም በዕረፍት ሰዓታችሁ በቪዲዮ ደውላችሁ፣ "ደብተሩን ዝጋና ዛሬ የተማርከውን በአማርኛ ንገረኝ" በሉት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የተረዳ ልጅ አማርኛው ቢሰባበርም ያስረዳል፤ ያልተረዳው የቱ ጋ እንደቆመ ራሱ ያየዋል። በሁለተኛው ቀንና በሳምንቱ ያንኑ ደግማችሁ ጠይቁት።

እንቅልፍ ላይ ብዙ አልልም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መተኛት አለበት። ከተማችን ሲያትል በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መግቢያን ከጠዋቱ 1፡50 ወደ 2፡45 ስታዘገይ ተማሪዎቹ በቀን 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ መተኛታቸውን የእዚሁ የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለክተዋል። ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ደቂቃ ስልኩ ከአልጋው ላይ እንዳይወስድበት፣ የቤተሰቡ ቻርጀር ሁሉ ሳሎን ይሁን። የወላጅም ጭምር፤ አባቶች፣ እናንተንም ነው።

አንድ ነገር ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እለያለሁ፤ ራኒንግ ስታርት። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የኮሌጅ ትምህርት የክፍል ክፍያ (ቱሽን) ሳይከፍል የሚወስድበት ይህ ዕድል መልካም ነው። ግን "የእገሌ ልጅ ገብቷል" ተብሎ የሚገባበት አይደለም። እዚያ የተገኘ ኤፍ የኮሌጅ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ይከተለዋል። ማንም ሳይቆጣጠረው የሚያጠናበት ሰዓት ያልለመደ ልጅ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ክፍል ወዳለበት ኮሌጅ ሲገባ የሚጠፋው እዚያ ነው። መጀመሪያ በዚህኛው ባዶ ቤት መቀመጥ ይልመድ። ቤት መቀመጥ ያልቻለውን ደግሞ የሲያትል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች ከትምህርት በኋላ በነፃ የቤት ሥራ ያግዙታል፤ የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ቀን እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቡናው እየቀረበ ነው መሰለኝ፤ ሽታው ደርሶኛል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። ባለፈው ስብሰባ ማይኩን ወንዶች ብቻ ስለያዙት ዛሬ ከእናቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል። የግል የሕግ ጉዳይ ያላችሁ ግን እዚህ አትናገሩት፤ ጠበቃ ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።